መብራት ሲሄድ የሚቀረው ስክሪን

«ነ አይደለችም ልጄ፤ ኀ ናት። ብዙኃኑ ኀ።»

መሪጌታው ጣታቸውን ከሞኒተሩ መስተዋት ላይ እንዳደረጉ መብራት ሄደ። ሞኒተሩ ጠቆረ፤ ፕሪንተሩ ወረቀቱን እንደጎረሰ ቆመ፤ በር አጠገብ ያለው የፎቶ ኮፒ ማሽን አንዴ አቃስቶ ዝም አለ። እንደበራ የቀረው ላፕቶፑ ብቻ ነው። እሱም ላይ ቢሆን የሚታየው የመሪጌታው ደብተር ፎቶ እንጂ ከጠዋት ጀምሮ ሲተየብ የዋለው ጽሑፍ አይደለም።

«ጠፋ?» አሉ መሪጌታው፣ ጣታቸውን ሳያነሡ።

«አልጠፋም የኔታ። ጨለማው ውስጥ ነው ያለው» አለች ጸሐፊዋ። ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነች፤ ቀስቱን ወደ ላይ ገፍታ ኢንተርን ነካች። ጽሑፉ ከጠቆረው ሞኒተር ወጥቶ ላፕቶፑ ላይ ተዘረጋ። መሪጌታው ጎንበስ ብለው ያቺን የተጣሏትን ፊደል ፈለጓት። ኀ ሆና ተቀምጣለች።

«አሁን ማን አረማት?»

ማንም አላረማትም። እኔም ከጎናቸው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሁለቱንም አይቻለሁ፤ ሞኒተሩ ላይ ነ ትመስል ነበር፣ ላፕቶፑ ላይ ኀ ናት። ያው አንድ ፊደል፣ ያው አንድ ጽሑፍ ነው። ይህን ዘገባ እንድጽፍ ያደረገኝ የዚያች ፊደል ነገር ነው።

አንበሳሜ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደውን አስፋልት ሐሙሲት ላይ ትቶ የእስቴን መንገድ የያዘ ሰው ያገኛታል። ወረዳው በምዕራብ ጣናን፣ በደቡብ ዓባይን ይዞ ተቀምጧል። ሕዝቡ አራሽ ነው፤ ከተማዋ ግን እንደማንኛውም የወረዳ ከተማ የወረቀት ከተማ ናት። የመሬት ጉዳይ ያለው፣ ይግባኝ የሚል፣ በልደት ካርዱና በትምህርት ማስረጃው ላይ የተለያየ ስሙን አንድ ለማድረግ የሚለፋ ሰው፣ ቢሮ ከመግባቱ በፊት የሚቆመው «የኮምፒዩተር ጽሑፍ፣ ፕሪንትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ታፔላ ካለበት በር ላይ ነው። እኛ የተቀመጥንበት ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ከካርቶን ላይ የተቀመጠ አሮጌ ካሬ ሞኒተር፣ ፕሪንተር፣ ፎቶ ኮፒ፣ ሁለት በርጩማ። ሁለት ስክሪን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ መሥራት የአዲስ አበባ ባንኮችና የሶፍትዌር ቤቶች ነገር ይመስለን ይሆናል። እኔ ነገሩን ከሁሉ በላይ በቁም ነገር ተይዞ ያየሁት እዚህች ጠባብ ቤት ውስጥ ነው።

ሞኒተሩ እዚህ ቤት የገባው እንደ ምርኩዝ ነበር። አንድ ባለጉዳይ በቻርጀሩ ገመድ ተጠልፎ ላፕቶፑን ከጠረጴዛው ላይ ጣለው፤ ስክሪኑ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጠቀ፣ ከዚያም ጠቆረ። ጸሐፊዋ ልጅ ላፕቶፑ የሞተ መስሏት ሁለት ቀን ቤቱን ዘግታ እንደሰነበተች ነገረችኝ። ስንት ሰው በዚህ ስሕተት ሥራውን አቋርጦ ይሆን? የጠቆረ ላፕቶፕ ሲያጋጥም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የታመመው ዐይኑ ነው ወይስ አንጎሉ?» የሚለው ነው። የስልክ ባትሪ መብራት ስክሪኑ ላይ በአግድም ሲያበሩበት ምስሉ እንደ ጥላ ብዥ ብሎ ከታየ፣ ምስል አለ፤ የጠፋው ከኋላው የሚያበራው ብርሃን ነው። ምንም ካልታየ ደግሞ ሌላ ሞኒተር በኬብል ማገናኘት ነው። ሞኒተሩ ላይ ጥርት ያለ ምስል ከመጣ፣ ላፕቶፑ ጤነኛ ነው፤ የተጎዳው ስክሪኑ ወይም ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ነው። ቀጥዬ የምለው ተሞክሮም ሞኒተሩ ላይ ምንም ካልመጣ ነገሩ ከውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ጠጋኝ መሄድ ይገባል።

ችግሩ ኬብሉ ተሰክቶም ምስሉ እንቢ ሲል ነው። ላፕቶፑ ገና ለተሰነጠቀው ስክሪን ብቻ እየላከ ሊሆን ይችላል፤ «ወደዚያኛው ላክ» ብሎ ለማዘዝ ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ በጨለማ መጻፍ የሚባለው ጥበብ ይመጣል፦ የዊንዶውስ ቁልፉን ይዞ ፒ የምትለዋን ቁልፍ መጫን፣ ጥቂት ታግሦ ቀስቱን አንዴ ወደ ታች መግፋት፣ ኢንተርን መጫን። ካልመጣ መድገም ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ከላይኛው ረድፍ የስክሪን ሥዕል ያለበት ቁልፍ ይኖራል፤ እሱም ከኤፍኤን ጋር ሲጫኑት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

በዚህ ዓይነት ለወራት በተሰበረ ላፕቶፕ ሠራች። አንዳንዱ ሰው የተሰበረውን ክዳን ጨርሶ ነቅሎ ይጥለዋል፤ እሷ አልነቀለችውም፣ ደግም አደረገች። የላፕቶፕ የዋይፋይ አንቴና አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበረው ከስክሪኑ ዙሪያ ክዳኑ ውስጥ ነው፤ ክዳኑ ሲነቀል ኔትወርኩም አብሮ ይደክማል። ክዳኑን ዘግታ ለመሥራት ስትሞክር ደግሞ ማሽኑ ይተኛባት ነበር፤ ዊንዶውስ ክዳን ሲዘጋ ሥራ ያበቃ ስለሚመስለው ነው። ለዚህም የኃይል አጠቃቀም በሚለው ክፍል ውስጥ «ክዳን ሲዘጋ ምንም አታድርግ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ ሆኖም ብዙ ላፕቶፖች ሙቀታቸውን በኪቦርዱ በኩልም ስለሚያስወጡ ክዳኑን በትንሹ ገርበብ አድርጎ መተው ይሻላል።

በኋላ ገንዘብ አጠራቅማ ስክሪኑን አስቀየረች። በዚህ ነገር ላይ አንድ ምክር አለኝ፤ አዲስ ስክሪን ለማስመጣት ኢንቹን ብቻ ተናግሮ መላክ አይበቃም። ከኋላው ያለው መሰኪያ ባለ 30 ወይም ባለ 40 እግር ይሆናል፤ ሁለቱ አይተካኩም። የአሮጌውን ጀርባ ፎቶ አንሥቶ መላክ አንድ የባሕር ዳር መንገድ ያድናል።

ላፕቶፑ ዐይኑ በራ፤ ሞኒተሩም ምርኩዝነቱ አበቃ። ልትሸጠው ነበር፤ ግን አልሸጠችውም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ስትሠራ ሌላ ነገር ታያት።

ዊንዶውስና ፒ አንድ ላይ ሲጫኑ አራት ምርጫ ይመጣል፦ ላፕቶፑን ብቻ፣ አንዱን በሌላው ላይ መድገም፣ አንዱን በሌላው መቀጠል፣ ሁለተኛውን ብቻ። ይህ ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ዊንዶውስ 7 ጀምሮ አለ። ብዙ ሰው የሚያውቀው መድገምን ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ፕሮጀክተር ሲገናኝ የምናየው እሱን ስለሆነ። ትልቁ ነገር ግን መቀጠል ነው። ሁለቱ ስክሪኖች አንድ ሰፊ ጠረጴዛ ይሆናሉ፤ በአንዱ ላይ የሚነበበው፣ በሌላው ላይ የሚጻፈው ይቀመጣል።

ለመሪጌታው ይህን ማስረዳት አላስፈለገም። ብራና ሲገለበጥ ምንጩ መጽሐፍ ከፊት ይዘረጋል፣ ጸሐፊው ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዐይኑን ከምንጩ ወደ ቅጂው ሲያመላልስ ይውላል። ደራ ያለችበት ደቡብ ጎንደር ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆኑባት ምድር ናት፤ የዜማ መጻሕፍቱ በዚህ ዓይነት ሲገለበጡ ኖረው ነው ለእኛ የደረሱት። ልጅቷም የምታደርገው ይህንኑ ነው። የመሪጌታውን የቅኔ ደብተር ገጽ በገጽ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ላፕቶፑ ላይ ትከፍታለች፤ የምትተይበውን ሞኒተሩ ላይ ታደርጋለች። አንድ ስክሪን ብቻ በነበራት ጊዜ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ስትሰብር ትውል ነበር፤ ወይም ፎቶውንና ጽሑፉን ስታፈራርቅ መስመር ትዘል ነበር። መስመር መዝለል ለገልባጭ የቆየ ጠላቱ ነው።

ሞኒተሩን ወደ ባለጉዳዩ አዙራ ያስቀመጠችው ግን ለመሪጌታው ብላ አይደለም። እኔ ባለሁበት ቀን ጠዋት አንድ አዛውንት ከገጠር መጥተው ነበር፤ የጉዳያቸው ሥር በሁለት ወረቀት ላይ በሁለት ዓይነት የተጻፈ የአባታቸው ስም ነው። እሳቸው አያነቡም፤ አብሯቸው የመጣው የልጅ ልጃቸው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ልጅቷ ሞኒተሩን ወደ ልጁ ገፋ አደረገችው።

«አባባ፣ እየነገሩኝ እጽፋለሁ፤ እሱ እዚያ ላይ ያንብብልዎት።»

ልጁ እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብሎ አነበበ፤ አዛውንቱ እንደ ዳኛ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ሁለት ቦታ አስቆሙት። አንደኛው ቀን ነበር፣ ሁለተኛው የድንበርተኛቸው ስም። ይህ ሁሉ ወረቀት ሳይባክን፣ ማኅተም ሳይመታ፣ መዝገብ ቤት ደርሶ ሳይመለስ በፊት ነው። ቀድሞ ባለጉዳይ ከጸሐፊ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር የሚያየው፤ ወይም ታትሞ ሲወጣ ስሕተቱን ያገኝና ለሁለተኛው ወረቀት ይከፍል ነበር። ባለጉዳይ የሚጻፍለትን ነገር ገና ሲጻፍ የማየት መብት አለው ብዬ አምናለሁ። አንድ አሮጌ ሞኒተር ይህን መብት ተግባር ላይ ሊያውለው ከቻለ፣ ከሱ የሚበልጥ አገልግሎት አላውቅም።

ነገር ግን አደጋ አለው፤ አደጋው የሚመጣው ደግሞ በመድገም ነው። በመድገም ጊዜ ጸሐፊዋ የምታየውን ሁሉ ባለጉዳዩም ያያል። ፋይል ልትፈልግ ማኅደሩን ስትከፍት የትናንት ባለጉዳዮች ስም ዝርዝር ይወጣል፤ የፍቺ ማመልከቻ፣ የአባትነት ክስ፣ የውርስ ክርክር። አንበሳሜን በሚያህል ከተማ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ልጅቷ ይህን የተማረችው አንዲት ሴት ሞኒተሩ ላይ የጎረቤቷን ስም አንብባ ዝም ብላ ስትወጣ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ መድገምን ትታ በመቀጠል ብቻ ትሠራለች። ፋይሉን ላፕቶፑ ላይ ትከፍተዋለች፤ የሚመለከተው ሰው ሲቀመጥ የዊንዶውስንና የሺፍትን ቁልፎች ይዛ የጎን ቀስቱን ስትጫን መስኮቱ ብቻውን ዘሎ ሞኒተሩ ላይ ያርፋል። ሲነሣ በዚያው መንገድ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር ዐይኔ ውስጥ ገባ። ሞኒተሩ ከላፕቶፑ በስተግራ ነው፤ እሷ ግን ማውሱን ወደ ሞኒተሩ ለመውሰድ ወደ ቀኝ ትገፋዋለች። ቀስቱ በቀኝ ጠርዝ ገብቶ በግራ በኩል ካለው ሞኒተር ይወጣል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «እንደዚያ ነው ጠባዩ» አለችኝ፤ ለምዳዋለች። እኔም ራሴ በአንድ ወቅት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እንዲሁ በተገላቢጦሽ ሠርቻለሁና ገባኝ። ኮምፒዩተር ሞኒተሩ በየት በኩል እንደተቀመጠ አያይም፤ ሲሰካ ብዙ ጊዜ በስተቀኝ ነው ብሎ ይገምታል። የስክሪን ማስተካከያው ውስጥ 1 እና 2 የሚል ቁጥር ያለባቸው ሁለት ሣጥኖች አሉ፤ 2 ቁጥርን በማውስ ጎትቶ ከ1 ግራ ማኖር ነው። ከፍታቸውንም እንደዚያው። ካርቶን ላይ ያለ ሞኒተር ከላፕቶፑ ከፍ ስለሚል ሣጥኑም ከፍ ካላለ ቀስቱ ጠርዝ ላይ እየገጨ ይቆማል። ሠላሳ ሴኮንድ አልፈጀብንም። ልጅቷ ማውሱን ወደ ግራ ገፍታ ቀስቱ እንዳሰበችው ሲሄድላት ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷ ቅር አለው። «ይቺን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው እኮ» አለች።

ይህ ቃሏ ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ባዶ እጁን የቀረ ሰው «የሞኒተሬ ማውስ በተቃራኒ ይሄዳል» ብሎ የሚፈልግበት ቦታ አልነበረውም። ያን ሁለት ቁልፍ፣ ዊንዶውስንና ፒን፣ ያስተማራት ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣ ተማሪ ነው፤ እሱ ፕሪንት ሊያስወጣ ገብቶ፣ ጨለማ ውስጥ የጠፋ መስኮት ሲያስፈልጋት አይቶ ነው። እውቀቱ ከሰው ወደ ሰው፣ በአጋጣሚ ነው የሚሄደው። ሥልጠና ሲባል የኮምፒዩተርን ትውልድ ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው በቃል ማስጠናት የሚመስላቸው ማሠልጠኛዎች ስክሪን ማስተካከልን አንድ ከሰዓት ቢሰጡት እመኛለሁ።

ስለ ኬብል ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ብቻ። አሮጌዎቹ ሞኒተሮች የሚቀበሉት ባለ 15 እግሩን ቪጂኤ ነው፤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው። ኢንቴል፣ ኤኤምዲ፣ ዴል፣ ሌኖቮ፣ ሳምሰንግና ኤልጂ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ላይ ይህን መሰኪያ እ.ኤ.አ. በ2015 እንደሚተዉት ተስማምተው ነበር፤ በየወረዳው ያሉ ሞኒተሮች ግን ይህን ስምምነት አልሰሙም። አዲሱ ላፕቶፕ ያለው ኤችዲኤምአይ ነው። በመካከላቸው መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ መቀየሪያውም አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሠራው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረውና ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረው መልካቸው አንድ ነው፤ ሥራቸው ግን አይገናኝም። ልጅቷ የመጀመሪያውን ከባሕር ዳር ያመጣችው ተቃራኒውን ነበር። ሻጩን «ከላፕቶፑ ይወጣል፣ ወደ ሞኒተሩ ይገባል» ብሎ አቅጣጫውን ነግሮ መግዛት ነው።

አሁን ወደ ኀ እንመለስ።

መብራቱ ገና አልመጣም። ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ነው፤ መሪጌታውም ነጠላቸውን አስተካክለው ቁጭ ብለዋል። «እንግዲህ አስረዱኝ፤ አንዲት ፊደል እንዴት ሁለት ትሆናለች?» አሉ።

የሞኒተር ስክሪን በተቆጠሩ ነጥቦች የተሠራ ነው። ይህ ካሬ ሞኒተር በአግድም 1280፣ በቁም 1024 ነጥብ አለው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የተቆረጠለት ልክ ነው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ልጅቷ ግን የሽማግሌዎች ዐይን እንዳይደክም ብላ፣ ፊደሉ ከፍ እንዲል፣ ልኩን ወደ 1024 በ768 አውርዳዋለች። ብዙ ቤት እንዲሁ ይደረጋል፤ ከደግነት የመነጨ ነው። ያኔ ሞኒተሩ 1024 ነጥብ ተልኮለት በ1280 ነጥብ ላይ ማንጠፍ አለበት። አንዱ ነጥብ በአግድም አንድ ከሩብ፣ በቁም አንድ ከሲሶ ይሆናል። ሩብና ሲሶ ነጥብ የሚባል ነገር ስለሌለ ሞኒተሩ ጎረቤት ነጥቦችን እያደባለቀ ይገምታል፤ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ቁመቱም ከወርዱ በላይ ይለጠጣል።

ለላቲን ፊደል ይህ ብዙ ጉዳት የለውም። የእኛ ፊደል ግን ትርጉሙን የሚሸከመው በትንንሽ ነገሮች ነው። ካዕቡ ከወገቡ ላይ፣ ሣልሱ ከእግሩ ላይ አንዲት ጭረት አላቸው፤ ቡ እና ቢ፣ ቱ እና ቲ የሚለዩት በዚያች ጭረት ቦታ ብቻ ነው። ሐ እና ሕ፣ ሠ እና ሡም የሚለዩት እንዲህ ባለች ትንሽ ምልክት ነው። ኀ እና ነ ደግሞ ከአናታቸው ላይ ባለችው ጥምዝ ነው የሚለያዩት፤ ነጥቦቹ ሲደባለቁ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ልጅቷ ኀን በትክክል ተይባ ነበር፤ መሪጌታውም ያዩትን በትክክል ተናግረዋል። መካከል ላይ የዋሸው የሞኒተሩ ልክ ነው።

ፊደልን ማተለቅ የሚፈልግ ሰው ልኩን አይንካ። በስክሪን ማስተካከያው ውስጥ «የሚመከረው» የሚል ምልክት ያለበትን ልክ ይምረጥና ማተለቁን በሌላ መንገድ ያድርገው። ወርድ ላይ ከሆነ የኮንትሮልን ቁልፍ ይዞ የማውሱን መንኮራኩር ወደ ፊት ማሽከርከር ነው፤ ገጹ 150 ወይም 200 በመቶ ይሆናል፣ ፊደሉም በብዙ ነጥብ ስለሚሣል ይጠራል። ሁሉም ነገር እንዲተልቅ ከተፈለገም እዚያው ማስተካከያ ውስጥ 125 ወይም 150 በመቶ የሚል ምርጫ አለ፤ ከዊንዶውስ 8.1 ወዲህ ይህ ለላፕቶፑ ሌላ፣ ለሞኒተሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። በመድገም ሲሠራ ግን ማምለጫ የለም። ላፕቶፑ 1366 በ768፣ ሞኒተሩ 1280 በ1024 ቢሆኑ ሁለቱም የሚችሉት አንድ የጋራ ልክ ይፈለጋል፤ ቢያንስ አንዱ ይደበዝዛል። መድገምን ለመተው ይህ ሌላ ምክንያት ነው።

በግዕዝ ፊደል የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ ምንኛ በወደድሁ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላን ይዞ ከመጣ ወዲህ የአማርኛ ፎንት ኮምፒዩተሩ ላይ ተጭኖ ይመጣል። ያን ያህል ተደክሞበት የመጣ ፊደል በመጨረሻዋ ግማሽ ሜትር ላይ፣ ከሞኒተሩ እስከ አንባቢው ዐይን ባለው መንገድ ላይ፣ ባልተስተካከለ ልክ መበላሸቱ ያንገበግባል።

መብራቱ እስኪመጣ ሌላም ነገር ተነጋገርን፦ ጽሑፉ ጨለማ ውስጥ የቀረው ለምንድን ነው? ሞኒተሩ ከጠፋ ኮምፒዩተሩ አውቆ ጽሑፉን ወደ ራሱ ለምን አይመልሰውም? ሞኒተር ማንነቱንና ልኩን ለኮምፒዩተሩ የሚነግርበት ትንሽ ቺፕ አለችው። ያቺ ቺፕ የምትፈልገው ጥቂት ኃይል በኬብሉ በኩል ከላፕቶፑ ራሱ ሊደርሳት ይችላል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ መብራት ቢጠፋም ቺፗ «አለሁ» ማለቷን ልትቀጥል ትችላለች፤ ኮምፒዩተሩም ያምናታል፣ መስኮቶቹን ከጨለማው ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል። መፍትሔው ልጅቷ ያደረገችው ነው፤ «ላፕቶፑን ብቻ» ብሎ ማዘዝ፣ ወይም ኬብሉን ነቅሎ መስኮቶቹ በግድ እንዲመለሱ ማድረግ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ሞኒተሩ ተመልሶ ሲሰካ እያንዳንዱ መስኮት የት እንደነበር አስታውሶ ወደ ቦታው ይመልሳል፤ በቀድሞዎቹ ግን በእጅ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አቀማመጡን ከመጀመሪያው ማሰብ ያሻል። ሁለቱ ስክሪኖች እኩል አይደሉም፤ አንዱ ባትሪ አለው፣ አንዱ የለውም። ብዙ መመሪያዎች «ትልቁን ስክሪን ዋና አድርግ» ይላሉ፤ መብራት ለማይቋረጥበት አገር የተጻፉ ናቸው። መብራት በሚሄድበት ከተማ ዋናው ስክሪን ባትሪ ያለው መሆን አለበት ብዬ እከራከራለሁ። «ሴቭ ላድርግ ወይ?» የምትለዋ ትንሽ መስኮት፣ የሚተየበው ጽሑፍ፣ የሒሳብ መዝገቡ ላፕቶፑ ላይ ይሁን። የሚነበበው ፎቶ፣ ለባለጉዳይ የሚታየው፣ ቢጠፋ የማይጎዳው ሞኒተሩ ላይ ይሁን። ባለጉዳዩ ጽሑፉን ማየት ሲፈልግ ወዲያ ማዝለል ነው፣ ሲጨርስ መመለስ። ወርድ በየ10 ደቂቃው ብቻ ነው ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው፤ ያን ወደ 1 ደቂቃ ዝቅ ማድረግም ይቻላል።

ዩፒኤስ ላለው ሰው ሌላ ስሌት አለ። ትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ ብዙ ጊዜ 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት ነው። 30 ዋት የሚበላ ጠፍጣፋ ሞኒተር ብቻውን ከተሰካበት ጥሩ ጊዜ ያቆየዋል፤ ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ስላለው እሱን እዚያ መሰካት ብክነት ነው። ሌዘር ፕሪንተር ግን ፈጽሞ አይሰካበት፤ ሲሞቅ በመቶዎች የሚቆጠር ዋት በአንዴ ስለሚስብ ዩፒኤሱን ይጥለዋል።

መሪጌታው ይህን ሲሰሙ የፕላዝማውን ነገር አነሡ፤ ልጃቸው ሁለተኛ ደረጃ በነበረበት ዘመን ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የጀመረው የሳተላይት ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ፕላዝማ ሰቅሎ ነበር። ለብዙ የደጋ ልጅ የመጀመሪያው ትልቅ ስክሪን እሱ ነው። ትምህርቱ በሳተላይት በሰዓቱ ስለሚያልፍ፣ መብራት የሄደ እንደሆነ የዚያ ቀን ፊዚክስ አለፈ ማለት ነው፤ ጥቁሩ ስክሪን ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ መምህሩ ጠመኔውን ይዞ ከፊቱ ይቆማል። «ልጄ ‹ዛሬ ፕላዝማው አላስተማረንም› እያለ ይመጣ ነበር» አሉ። ያ ስክሪን ያለ መብራት ምንም የማያስቀር ስክሪን ነበር።

ለአንገት የሚሆን አንድ ሁለት ነገር ብዬ ልለፍ። የስክሪኑ የላይ ጠርዝ ከዐይን እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ቢል፣ ርቀቱም የተዘረጋ ክንድ ያህል ቢሆን መልካም ነው። ካርቶኑ ለሞኒተሩ ይህን ሠርቶለታል። ላፕቶፑ ግን ዝቅ ይላል፤ ቢነሣ ኪቦርዱ አብሮ ይነሣል። የተለየ ኪቦርድ የምታገኝበት ቀን ሲመጣ ላፕቶፑንም መጽሐፍ ላይ ታወጣዋለች። እስከዚያው የምታዘወትረው ከፊት ለፊት፣ ሌላው በጎን ዘንበል ብሎ ይሁን።

ሌላ የማይወጣልኝ ነገር አለ። በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ በአዲስ የተተኩ ሞኒተሮች አቧራ ለብሰው ተደራርበው አይቻለሁ፤ ኬብላቸው ተጠቅልሎ ከጎናቸው አለ፣ ቢሰኩ ይበራሉ። ንብረት ማስወገድ የሚባለው ሥርዐት እስኪደርስላቸው ዓመታት ያልፋሉ። በየጽሕፈት ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ባለበት ሁሉ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ወደ ሥራው ይመልሳሉ።

ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ልጅቷ ሞኒተሩን ወዲያው አልሰካችውም፤ መብራት ሲመለስ አንዴ ዘሎ፣ አንዴ ወርዶ ነው የሚረጋው። የፎቶ ኮፒው ድምፅ እስኪስተካከል ጠበቀች። ከዚያ ሰካችው፤ ልኩን 1280 በ1024 አደረገች፤ ገጹን 150 በመቶ አተለቀች፤ ጽሑፉን ወደ ግራ አዘለለችው። መሪጌታው መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ወልውለው ተጠጉ። ጣታቸው በመስመሮቹ ላይ ቀስ ብሎ ሄደና ከቅድሟ ቦታ ደረሰ።

«ኀ» አሉ። «ይቅርታሽን ልጄ።»

«ኧረ የኔታ፣ ምን ይቅርታ አለው።»

ጣቱ ግን አልተነሣም። ወደሚቀጥለው መስመር ወረደ፣ ወደ ግራ ተመለሰ፣ ቆመ።

«ይቺ ግን የአንቺ ናት። እሳቱ ሰ አድርገሻታል፤ ንጉሡ ሠ ነበረች።»

ልጅቷ ወደ ላፕቶፑ ፎቶ ዞራ ደብተሩን አየች፤ ወደ ሞኒተሩ ተመለሰች፤ አጥፍታ ጻፈቻት።